ደላላው የማያውቀውን ደንበኛ ሲያገኝ፡- ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ

ስልኩ የጮኸው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነበር፡፡ ዘመኑ 2009 ዓ.ም. ነው፤ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ቤት በማከራየትና በማሻሻጥ ሥራ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር፡፡ ደዋዩ ትሁት ነው፡፡ «ወንድሜ፣ ባለቤቶቹ አዲስ አበባ ያሉትን ቤት የምታሳየው አንተ ነህ ብለውኝ ነው፡፡ ነገ በጠዋት ወደ ባሕር ዳር ስለምመለስ ዛሬውኑ ባየው ደስ ይለኛል» አለኝ፡፡ ማን እንደነገረው አልጠየቅኩትም፡፡ ስሙንም አልጠየቅኩትም፡፡ ኮሚሽኑን እያሰላሁ በባጃጅ ሄድኩ፤ ባጃጁንም ሂሳቡን ከፍዬ አሰናበትኩት፡፡

ሁለት ሆነው ጠበቁኝ፡፡ ዋናውን ቤት አሳይቼ ወደ ሰርቪሱ ስዞር አንደኛው የግቢውን በር ከውስጥ ቀረቀረው፡፡ ስልኬን፣ ከሌላ ተከራይ ተቀብዬ ኪሴ የከተትኩትን 3,400 ብርና የቤቱን ቁልፎች ወሰዱ፡፡ አንድ ጥፊ ከመቅመሴ በስተቀር ሰውነቴ አልተነካም፤ ይኼን ከዕድል ነው የምቆጥረው፡፡ ፖሊስ ጣቢያ ስደርስ ተረኛው ሦስት ነገር ጠየቀኝ፡፡ የሰውየው ስም ማን ነው? ወደ አንተ የላከው ማን ነው? እዚያ ቤት መሄድህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ? ለሦስቱም መልስ አልነበረኝም፡፡ ከዚያ በኋላ በሥራው በቆየሁባቸው ዓመታት ያደረግኩት ጥንቃቄ ሁሉ፣ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ከቤት ከመውጣቴ በፊት ለራሴ መመለስ ነበር ማለት ይቻላል፡፡

የቤት ድለላ ከሌላው ድለላ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፡፡ የእህል ደላላ ወይም የከብት ደላላ የሚሠራው ገበያ መሀል፣ ሺህ ዓይን ባለበት ነው፡፡ የቤት ደላላ ግን የማያውቀውን ሰው ይዞ ባዶ ግቢ ይገባል፡፡ በሌላው ዓለም ጭምር ሥራውን አደገኛ ያደረገው ይኼው ነው፡፡ ሱዚ ላምፕሉ የተባለች የ25 ዓመት የለንደን የቤት ሽያጭ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 28 ቀን 1986 ለአንድ ደንበኛ ቤት ላሳይ ብላ ከቢሮዋ እንደወጣች አልተመለሰችም፡፡ በቢሮ ማስታወሻዋ ላይ የተገኘው «ሚስተር ኪፐር» የሚል ስም፣ ሰዓትና የቤቱ አድራሻ ብቻ ነበር፡፡ አስከሬኗ እስካሁን አልተገኘም፤ ወላጆቿ በስሟ ያቋቋሙት ድርጅት ግን ብቻቸውን የሚሠሩ ሰዎችን ደኅንነት በማስተማር ይታወቃል፡፡ በአሜሪካዋ አርካንሳስ ግዛት ደግሞ ቤቨርሊ ካርተር የተባለች ደላላ እ.ኤ.አ. መስከረም 2014 ገዥ መስሎ የቀረባትን ሰው ልታገኝ ሄዳ ታግታ ተገደለች፡፡ ገዳዩ በኋላ ለጋዜጠኞች ሲናገር የመረጣት ብቻዋን የምትሠራ ሴት ስለሆነች መሆኑን አልደበቀም፡፡

እነዚያ ቢያንስ ቢሮ ነበራቸው፤ ማስታወሻ ነበራቸው፤ «የት ሄደች?» ብሎ የሚጠይቅ አለቃ ነበራቸው፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የቀድሞው የንግድ ሕጋችን ለደላላ ቦታ ሰጥቶ ራሱን የቻለ ሙያተኛ አድርጎ አስቀምጦት የነበረ ቢሆንም፣ የአብዛኛው የከተማችን ደላላ ቢሮ ግን የሻይ ቤት ወንበርና የእጅ ስልኩ ነው፡፡ እስከ ማታ ቢጠፋ የሚፈልገው ሚስቱ ወይም እናቱ ናት፤ እሷም የት እንደሄደ አታውቅም፡፡

ድሮ ይኼ ክፍተት በሰው ይሞላ ነበር፡፡ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ቤት የሚፈልግ እንግዳ በአንድ መምህር ወይም ነጋዴ በኩል ነበር የሚመጣው፡፡ «የማን ልጅ ነህ? አገርህ ወዴት ነው?» ሲባል መልሱ ራሱ መታወቂያ ነው፤ ጅጋ ወይም ደምበጫ ካለ ደግሞ በአንድ ስልክ ይጣራል፡፡ ነገሩ የተለወጠው የስልክ ቁጥራችንን በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ መለጠፍ ስንጀምር ይመስለኛል፡፡ በተለይ ቡሬ ላይ ለውጡ ጎልቶ ታይቷል፡፡ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩና የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ሲመረቁ፣ ከየአቅጣጫው የመጣው ባለሙያና ሠራተኛ ሁሉ ቤት ፈላጊ ሆነ፡፡ ከተማዋ ድሮም የመንገድ መገናኛ ናት፤ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ አንዱ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ይሄዳል፡፡ እንግዳው በዛ፤ «የማን ልጅ ነህ?» ግን መልስ አጣ፡፡

እንግዲህ ምን ይደረግ? የመጀመሪያውና ዋናው፣ አዲስ ደንበኛን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ ላይ አለማግኘት ነው፡፡ እኔ ከዚያች ምሽት በኋላ ማንንም ሰው በቅድሚያ የማገኘው ባለቤቷ በስም የምታውቀኝ አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ነበር፡፡ ሩብ ሰዓት ይበቃል፡፡ እውነተኛ ቤት ፈላጊ ለሩብ ሰዓት ሻይ አይቸኩልም፤ የቸኮለ ካለም ነገ ይመጣል፡፡ ሻይ ቤቷ ውስጥ ሌሎች ሰዎች ፊቱን ያዩታል፤ ይኼን እሱም ያውቃል፡፡ ክፉ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይቀራል፡፡

መታወቂያ መጠየቅ ግን አስቸጋሪ ነው፡፡ በእኛ አካባቢ ሰውን «መታወቂያህን አሳየኝ» ማለት «ሌባ ነህ» እንደማለት ይቆጠራል፤ በዕድሜ ከሚበልጥ ሰው ጋር ሲሆንማ ነውር ነው፡፡ መላ ያገኘሁለት በባለቤቱ በማሳበብ ነበር፡፡ «ጋሼ፣ አይቀየሙኝ፤ ባለቤቶቹ የሚያየውን ሰው ስምና ስልክ ሳትመዘግብ በር እንዳትከፍት ብለውኛል» ስል የተቆጣኝ ሰው ጥቂት ነው፡፡ የቀበሌም ይሁን የፋይዳ መታወቂያ አይቼ ስሙን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ ከጎኑም የላከውን ሰው ስም፡፡ ላኪ የለኝም ካለ በስልክ የማጣራው አንድ የሚያውቀው ሰው እንዲሰጠኝ እለምናለሁ፡፡ ከዚያ እህቴ ጋ ደውዬ፣ ደንበኛው እየሰማ፣ «እገሌ ከሚባሉ ሰው ጋር እገሌ ሰፈር ቤት ላሳይ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደውይልኝ» እላታለሁ፡፡ ደንበኛው መስማቱ የጥሪው ግማሽ ጥቅም ነው፡፡

ባጃጁንም ማሰናበት አያስፈልግም፡፡ የማውቀውን ልጅ ይዤ እሄድና የመጠበቂያ ከፍዬ በር ላይ አቆመዋለሁ፡፡ ግቢ ከመግባቴ በፊት ጎረቤት እጠራለሁ፤ «እትዬ፣ እንደምን ዋሉ! ቤት ላሳይ መጥቼ ነው!» ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ፡፡ የፈለገ ካሜራ ቢተከል ቡና እያፈላች በአጥሩ የምታይ ጎረቤትን የሚያህል ጠባቂ አላውቅም፡፡ የድፍን ቆርቆሮ በር ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ተሸንቁሮ የሚቆለፍበትን ቁልፍ ኪሴ እከተዋለሁ፤ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ቁልፍ ከውጭ ሊቆለፍብህ ይችላልና፡፡ ክፍል ሲታይ ደንበኛው ይቅደም፤ ደላላው በሩ ላይ ይቁም፡፡ «ይግቡ፣ ይዩት» ማለት ጨዋነትም ጥንቃቄም ነው፡፡ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ደግሞ መብራት ቢኖርም ባይኖርም ቤት አይታይም፡፡

ሴት ደላሎች በተለይ በኪራይ ሥራ ላይ ብዙ ናቸው፤ ፈተናቸውም ከእኛ ይከፋል፡፡ ዘረፋ ብቻ ሳይሆን ቤት አያለሁ ብሎ ሌላ ነገር የሚፈልግ ወንድ ያጋጥማቸዋል፡፡ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ወንድ ለብቻው ቤት ማየት ሲፈልግ ሁልጊዜ ሌላ ሴት ደላላ ይዛ ትሄድ ነበር፤ ኮሚሽኑንም ለሁለት ይካፈሉታል፡፡ «ግማሹን ማጣት አያሳዝንሽም?» ብዬ ብጠይቃት የሳቀችብኝን ሳቅ አልረሳውም፡፡

ስለ ምልክቶች ከጠየቃችሁኝ አንዱን ልንገራችሁ፡፡ ጎጃም ውስጥ በዋጋ የማይከራከር ገዥ ጥሩ ምልክት አይደለም፡፡ እውነተኛ ገዥ ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ የሊዝ ውዝፍ መኖር አለመኖሩን ይጠይቃል፤ ዋጋ ሲነገረው ደግሞ ይደነግጣል፡፡ «ማታ ማን ያድራል? ባለቤቶቹ መቼ መቼ ይመጣሉ? ውሻ አለ?» እያለ የሚጠይቅ ሰው የሚያየው ቤቱን አይደለም፡፡

ቤቱ ከታየ በኋላ ያለው አደጋ ደግሞ ገንዘብ ነው፡፡ ቀብድ በደላላ እጅ መቀመጥ የለበትም፡፡ ቀብድ ቀላል ነገር አይደለም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1883 እና ተከታዮቹ መሠረት ሰጪው ቢያፈርስ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል፡፡ በመሀል የያዘው ደላላ ለሌባም ለክስም የተጋለጠ ነው፡፡ ገንዘቡ ከገዥ ወደ ሻጭ በባንክ ይተላለፍ፤ ውሉም በአንቀጽ 1723 እንደተደነገገው በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት ይደረግ፡፡ ምዝገባው ለደላላውም ይጠቅመዋል፤ የሁለቱም ወገን ማንነት በመንግሥት መዝገብ ላይ ይሰፍራልና፡፡

ይኼ ሁሉ የሌባን ጉዳይ ነው፡፡ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት ሳቢያ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ከታወጀውና 10 ወራት ከቆየው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ ግን ሌላ ፍርሃት መጥቷል፤ እገታ፡፡ ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ የነበሩ ተማሪዎች በዚሁ በጎጃም መንገድ፣ ኦሮሚያ ውስጥ ገርበ ጉራቻ አካባቢ መታገታቸውን አገር ሰምቷል፡፡ አጋች የሚፈልገው ገንዘብ ያለውን ሰው ነው፤ ቤት የሸጠ ሰው ገንዘብ እንዳለው ደግሞ ደላላው ያውቃል፡፡ ስለዚህ «እገሌ ቤቱን በዚህን ያህል ሸጠ፣ ሁለት በመቶዬን ተቀበልኩ» ብሎ ጠጅ ቤት ማውራት፣ ሻጩንም ራስንም አሳልፎ መስጠት ነው፡፡ እኔ የሽያጭ ዋጋ ለማንም አልናገርም ነበር፤ ጓደኞቼ በዚህ የተነሳ «ገንዘብ ደባቂው» ይሉኛል፡፡

ከከተማ ሲወጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፡፡ ገጠር ላይ እንግዳው ደንበኛው ሳይሆን ደላላው ራሱ ነው፡፡ አንድ ጊዜ አንድ ሰው በጃቢ ጠህናን ወረዳ ማንኩሳ አካባቢ «የአባቴ መሬት ነው፣ ለመጋዘን የሚሆን ሰው ፈልግልኝ» ብሎ ወሰደኝ፡፡ እሱ ድንበሩን ሲያሳየኝ እኔ በእርምጃ መለካት ጀመርኩ፡፡ ሃያ እርምጃ ሳልሞላ ከወዲያ ማዶ የሴት ኡኡታ ተሰማ፤ ዱላ የያዙ ሦስት ጎልማሶች እየሮጡ መጡ፡፡ መሬቱ ገና በወንድማማቾች መካከል ያልተከፈለ ውርስ ነበር፡፡ ያተረፉን በመንገድ ያልፉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ «አያ ይሁንብኝ፣ እንግዳ ነው፤ መሬቱን አያውቀውም» ብለው መሀል ገቡልን፡፡

በእኛ አገር በመሬት የተነሳ የሰው ደም መፍሰሱ አዲስ ነገር አይደለም፡፡ መሬት እንደማይሸጥ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ደንግጓል፤ አርሶ አደሩ ያለው የመጠቀም፣ የማውረስና የማከራየት መብት ነው፡፡ ስለዚህ የእርሻ መሬት «ሽያጭ» የሚደልል ሰው አደጋ ቢደርስበት እንኳ ምን ላደርግ ሄጄ ነው ብሎ እንደሚያመለክት አላውቅም፡፡ የኪራይ ጉዳይ ከሆነም በቅድሚያ ወደ ቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ሄዶ ደብተሩ በማን ስም እንደሆነ መጠየቅ፣ መሬቱን የሚያዩትም ከኮሚቴው ሰውና ከአዋሳኞቹ ጋር ቢሆን ይሻላል፡፡ ሜትር አውጥቶ መለካትማ የመጨረሻው ሥራ ነው፡፡

አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ የቤተሰብ ቤት ቁልፍ ለአገር ቤት ደላላ የሰጣችሁም ድርሻ አላችሁ፡፡ «ሰው ልኬብሃለሁ፣ አሁን አሳየው» ብላችሁ ስትደውሉ የምትልኩትን ሰው ራሳችሁ ታውቁታላችሁ? የጎረቤቱን ስልክ ለደላላው ሰጥታችሁታል? ገዥ ሆናችሁ ስትሄዱም ስማችሁን ቢጠይቃችሁ አትቀየሙት፤ በሐሰተኛ ደላላ እንዳትታለሉ እናንተም የእሱን ጠይቁት፡፡

ያቺን ምሽት ከፖሊስ ጣቢያ የወጣሁት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነበር፡፡ ባለቤቶቹ ጋ በተውሶ ስልክ ደወልኩ፡፡ ወይዘሮዋ ስለ እኔ ደኅንነት ከጠየቁ በኋላ «ቁልፉስ?» አሉ፡፡ ነገ ይደርሳል ብዬ ነበር፤ ግን ቁልፉ በሰዎቹ እጅ ነው፡፡ አንድ ብረት ሠራተኛ ከራት ገበታ ላይ አስነስቼ፣ በባጃጅ መብራት እያየን የግቢውንም የቤቱንም ቁልፍ ያኑ ሌሊት ቀየርን፡፡ በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቷ «ሌሊት ሰው በሩን ሲነካካ ሰምቻለሁ» አሉኝ፡፡