አፈወርቅ ተክሌ በመጀመሪያው ኤግዚቢሽን ገቢ ምን ሠሩ?

ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ሠዓሊ ሆነው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የመጀመሪያ የግል ኤግዚቢሽናቸውን አሳዩ። የንጉሡ ድጋፍ እንደነበራቸው አይካድም። በኤግዚቢሽኑ ገቢ ግን ሁለት ዓመት አውሮፓን ዞሩ፤ እዚያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያሉ የኢትዮጵያ ብራናዎችን አጠኑ፣ የመስታወት ሥዕል ተማሩ። በአፍሪካ አዳራሽ የሚታየው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል የዚያ ትምህርት ፍሬ ነው።

ገቢው የመጣው ግን መጀመሪያ አዳራሽ ስለተገኘ ነው። ማንቡክ ተቀምጦ በግሉ የሚሥል ወጣት ሥራውን ለማሳየት አዲስ አበባ ድረስ ሸራ ጭኖ መሄድ አለበት? ወረዳው የስብሰባ አዳራሹን ለአንድ ሳምንት ቢለቅለት ምን ይጎድልበታል?