የላይኪፒያ ርስትና የእንግዶች ማረፊያ

ከኬንያ ተራራ በስተሰሜን፣ ላይኪፒያ በሚባለው አምባ ምድር ጠርዝ ላይ ኢል ንግዌሲ የተሰኘ የእንግዶች ማረፊያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሲከፈት ስድስት ጎጆዎች ነበሩት፤ የተሠራውም ከዚያው አካባቢ በተገኘ እንጨት፣ ድንጋይና ሣር ነው። መብራቱ ከፀሐይ ኃይል ይመጣል። ሌሊቱን ሰማይ እያየ ማደር የሚሻ እንግዳ አልጋው እየተገፋ ከከዋክብት በታች ይዘረጋለታል። ገቢው የሠራተኛውን ደመወዝና የማረፊያውን ወጪ ከሸፈነ በኋላ የሚተርፈው ለተማሪዎች ክፍያ፣ ለሕክምናና ለውሃ ሥራ ይውላል።

የጉዞ ጸሐፊዎች ይህን «በጎ አድራጎት» ይሉታል። ለእኔ ግን ስያሜው አይዋጥልኝም። በጎ አድራጊ የራሱን ለሌላው የሚሰጥ ነው፤ በኢል ንግዌሲ ግን መሬቱም ማረፊያውም የዚያው ማኅበረሰብ ንብረት ነው። ነገሩ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው አንባቢ ካለ የላይኪፒያን መሬት ታሪክ አብሮኝ መለስ ብሎ ይመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1904 እንግሊዞች የስምጥ ሸለቆውን ለም መሬት ለነጭ ሰፋሪዎች ፈልገው ከማሳይ መሪዎች ጋር ውል ተዋዋሉ። ማሳዮች ሸለቆውን ለቀው ከፊሎቹ ወደ ደቡብ፣ ከፊሎቹ ወደ ላይኪፒያ እንዲሄዱ፣ ውሉም የማሳይ ዘር እስካለ ድረስ እንዲጸና ተባለ። የቆየው ሰባት ዓመት ነው። ላይኪፒያም ለሰፋሪ የምትመች ሆና ስለተገኘች በ1911 ሌላ ውል መጣና፣ እስከ 1913 ድረስ ሰዉ ከነከብቱ ወደ ደቡብ ተነዳ። ማሳዮች ጠበቃ ይዘው ከሰሱ። በ1913 ፍርድ ቤቱ የሰጠው መልስ የሚያስገርም ነው፤ ውሉ በሁለት መንግሥታት መካከል የተደረገ ስለሆነ ይህ ችሎት ሊያየው አይችልም አለ። ሲያፈናቅሉት ተገዢ የነበረው ሕዝብ፣ አቤት ሲል የውጭ መንግሥት ሆኖ አረፈው!

ከላይኪፒያ ሁሉም አልወጣም። በሙኮጎዶ ደን ዙሪያ አድነውና ማር ቆርጠው የሚኖሩ ነበሩ። ከብት ስለሌላቸው ማሳዮች «ኢልቶሮቦ» ይሏቸዋል፤ ድሆች እንደ ማለት ነው። ቅኝ ገዢውም እንደ ማሳይ ስላልቆጠራቸው ያ ደረቅ ጥግ ተተወላቸው። ኢል ንግዌሲዎች ከእነዚህ ወገን ናቸው፤ ስማቸውም «የዱር አውሬ ሰዎች» የሚል ትርጉም አለው። (የጎረቤቶቻቸው የያኩዎች ጥንታዊ ቋንቋ ከኦሮምኛና ከሶማሊኛ ጋር የምሥራቅ ኩሽ ቤተሰብ መሆኑ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

መሬቱ ቢተርፍላቸውም አውሬው የእነርሱ አልነበረም። በ1909 የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ከልጃቸው ጋር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥተው ከ500 በላይ እንስሳት ሲገድሉ ጉዞው «ሳፋሪ» ተብሎ ተወደሰ። ፈቃድ የሌለው ያገሬው ሰው አንዲት ሚዳቋ ሲጥል ግን ወንጀለኛ ነበር። ኬንያ አደንን የከለከለችው በ1977 ነው። ያም ሆኖ በ1970 ወደ 20,000 ይጠጋል ተብሎ ይገመት የነበረው የጥቁር አውራሪስ ቁጥር በ1980ዎቹ መጨረሻ ከ400 በታች ወረደ።

ለአውራሪሶቹ መጠለያ ከሆኑት ርስቶች አንዱ ከ1922 ጀምሮ የክሬግ ቤተሰብ የያዘው ሌዋ ነው። የቤተሰቡ ልጅ ኢያን ክሬግ ጎረቤቱ ሕዝብ ካልተጠቀመ አውሬው እንደማይተርፍ ገብቶት፣ ኢል ንግዌሲዎች የራሳቸውን ማረፊያ እንዲሠሩ አግባባ። የግንባታው ገንዘብም በዕርዳታ ተገኘ። ምክሩ ከሰፋሪ ዘር መምጣቱ ራሱ የታሪክ ምፀት ነው፤ ቢሆንም ምክሩ ጥሩ ነበር። ኢል ንግዌሲዎች ሥራውን በመረጡት ኮሚቴ ይዘው፣ በ2002 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ከሚያስተባብረው የኢኳቶር ሽልማት አሸናፊዎች አንዱ ሆኑ።

ይህ ሁሉ በነፃ የመጣ አይደለም። በማረፊያው ዙሪያ ያለው ግጦሽ ለዱር እንስሳት ሲባል ከከብት ይጠበቃል፤ ዝናብ ሲጠፋ ደግሞ የእረኛው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ሣር ላይ ነው። የተማሪው ክፍያም ተንጠልጥሎ የሚኖረው በእንግዳ እግር ላይ ነው። ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ በተነሣው ሁከት፣ በኋላም በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ የኬንያ ቱሪዝም ሲመታ ይህ በሚገባ ታይቷል። ትምህርት ቤትን በቱሪስት ብቻ ማቆም አደገኛ ነው ባይ ነኝ።

የባለቤትነቱን ጉዳይ አጥብቄ የምይዘው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2017ቱ ድርቅ የታጠቁ ከብት አርቢዎች የላይኪፒያን የግል ርስቶች ጥሰው ሲገቡ የተቃጠሉ ሎጆች ነበሩ፤ የሰውም ሕይወት ጠፍቷል። በአገራችንም በላንጋኖ ዳር በተፈጥሮ ጥበቃ ስሙ የታወቀው ቢሻንጋሪ ሎጅ በ2016ቱ ተቃውሞ ተቃጥሏል። እንዲህ ያሉ ቤቶች ለአካባቢው ሥራ አልሰጡም ለማለት አልደፍርም። ግን ጥያቄው ከሥራና ከዕርዳታ ወዲያ ማዶ፣ መሬቱ ላይ ነበር። በመንዝ ጓሳ ነገሩ ከሌላ ጫፍ ይጀምራል። እዚያ ባለርስቱ ገበሬ በአባ ቄራው እየተመራ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ ጊዜው ሲደርስ እየከፈተ ቀይ ቀበሮውንና ጭላዳውን አብሮ አኑሯል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ማኅበረሰቡ በሌላ መልክ መልሶ አቆመው፤ የማኅበረሰቡ ሎጅ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ወደ ኢል ንግዌሲ ስንመለስ፣ ባለቤቱ ማኅበረሰቡ ነው ሲባል ማን ማን ማለት ነው? በቀድሞው የኬንያ የወል ርስት ሥርዓት በመዝገብ የሚሰፍረው በአብዛኛው የቤቱ አባወራ ነበር። የ2016ቱ የማኅበረሰብ መሬት ሕግ ግን ሴቶችንም በአባልነት እኩል አድርጓል፤ ስለ መሬቱ የሚወስነውም የአባላቱ ጉባኤ እንዲሆን ደንግጓል። እንግዲህ ከእንግዳ የተገኘው ገንዘብ ለውሃ ይሁን ወይስ ለከብት መድኃኒት የሚለውን ክርክር፣ ውሃውን በጀርባዋ ስታመላልስ የኖረችውም እጇን አውጥታ የምትናገርበት ነው።