የፈራነው ሌላ፣ በሽታው ሌላ

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ሴትዮ ነበሩ። አንድ ክረምት እጃቸው ላይ ወተት የመሰለ ነጭ ነገር ወጣባቸው። «ለምጽ ነው» ተባለ፤ ወር ሳይሞላ ደንበኛ የሚባል አልቀረላቸውም። እናቴም እንጀራ ከሌላ ቤት ማስመጣት ጀመረች።

በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን የነበሩት ሸማኔ ክንዳቸው ላይ ደብዘዝ ያለች ምልክት ነበረቻቸው። አታሳክክም፣ አታምም። «ቋቁቻ ናት» እያሉ ሎሚ ያሹባታል። ቡናውን ግን ሁላችንም አብረናቸው እንጠጣለን። አንድ ቀን ታዲያ የጋለ ጀበና ጣታቸውን ነክቶ ቆዳቸው ሲላጥ ምንም ሳይመስላቸው ወሬያቸውን ቀጠሉ። እኛ ደግሞ «አይ ጥንካሬ!» ብለን አደነቅን።

የሥጋ ደዌ የነበረባቸው እሳቸው ነበሩ። የሴትዮዋ ግን ቆዳ ቀለሙን ሲያጣ የሚመጣ እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አልነበረም።

እናቴን ብቻ አልወቅስም፤ ቃሉም የራሱ ታሪክ አለው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ላይ፣ ካህኑ ለምጽ የተባለውን ቆዳ ይመረምራል፤ ጠጉሩ መንጣቱን ያያል፤ ያጠራጠረውን ሰው 7 ቀን ይዘጋበታል። ግን እዚያው ላይ ልብስም ለምጽ ይወጣበታል፤ በሚቀጥለው ምዕራፍ ደግሞ የቤት ግድግዳ! ግድግዳን የሥጋ ደዌ ይይዘዋል እንዴ? የዕብራይስጡ ቃል ብዙ ዓይነት ነገር የሚያጠቃልል ነበር። እኛ ዘንድ ለምጽ የነጩ ቆዳ ስም ሆኖ ሲቀር ፍርሃቱም አብሮት ቀረ።

ተረታችንም አላገዘንም። «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» እንላለን። ዓይናችን የሚፈልገው ጣቱ የጎደለውን ነው፤ እሱ እኮ የበሽታው መጨረሻ ነው። ጀርሙ የሚጎዳው ነርቭን ነው። የማይሰማ እጅ ይቃጠላል፣ ይቆስላል፤ ጣት የሚያልቀው ቁስሉ ሳይታወቅ ሲመረቅዝ ነው።

ጀርሙን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው ኖርዌጂያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን ነው። አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በተቋቋመው አለርት ግቢ ውስጥ በስሙ የተሰየመ የምርምር ተቋም አለ። ጀርሙ ቀርፋፋ ነው፤ ምልክት እስኪያሳይ ዓመታት ይወስድበታል። አብዛኛውን ሰው ደግሞ የተፈጥሮ መከላከያው ያድነዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቶቹ ተቀናጅተው እንዲሰጡ ካሳሰበ ወዲህ በሽታው በ6 ወይም በ12 ወር ሕክምና ይድናል።

መለየቱም ያን ያህል ከባድ አይደለም። ቋቁቻ ደረትና ጀርባ ላይ በብዛት ይበተናል፤ ሲፍቁት ስስ ቅርፊት ያነሳል። ጭርት ጠርዙ እንደ ቀለበት ነው፤ ያሳክካል። ለምጽ ቁልጭ ያለ ነጭ ነው፤ መርፌ ቢነካው ግን ያማል። የሚያሰጋው ደብዘዝ ያለው፣ የማያሳክከውና የማይሰማው ነው። ሰውየውን ዓይኑን አስጨፍኖ በጥጥ ነካ ማድረግ ነው፤ የተነካበትን ካላወቀ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሎሚ አይሠራም።

ሸማኔው መድኃኒቱን ጨርሰው ዳኑ። ሁለት ጣቶቻቸው ግን ታጥፈው ስለቀሩ መወርወሪያ መያዝ አቃታቸው። እንጀራ ሻጯ ሰፈር ለቀው ሄዱ፤ ወዴት እንደሆነ የጠየቀ የለም። እናቴ እስከ ዛሬ ስማቸው ሲነሳ ወሬ ትቀይራለች።