የወል መሬትና አጥር በእንግሊዝ አገር፤ ከፋብሪካው በር በፊት የነበረው ታሪክ

(በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የታሪክ ትምህርት የሚከታተሉ ዕጩ መምህራን የኢንዱስትሪ አብዮት ስለ ምን በእንግሊዝ አገር እንደ ጀመረ ሲጠየቁ መልሳቸው ከሞላ ጐደል አንድ ነው፤ ይኸውም የእንፋሎት ሞተር፣ የድንጋይ ከሰልና የጥጥ ፋብሪካ ነው። ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም። እኛ የምናዘጋጅላቸው መርሐ ትምህርት የሚነሣው ከፋብሪካው በር ነው። ወደዚያ የገባው ሰው ከየት እንደ መጣና መሬቱ በምን ሕግ ከእጁ እንደ ወጣ አይነግራቸውም።

በመካከለኛው ዘመን በብዙው የእንግሊዝ ክፍል የመንደር እርሻ አጥር አልነበረውም። የአንድ ገበሬ ይዞታ በሁለት ወይም በሦስት ሰፋፊ እርሻዎች ውስጥ በረዣዥም ቁራሾች ተበታትኖ ይገኝ ነበር። ከእነዚህ እርሻዎች አንዱ በየተራ ሳይዘራ ያርፋል፤ አዝመራው ሲነሣም የመንደሩ ከብት በአንድነት ይሰማራበታል። ከእርሻው ባሻገር ያለው የወል መሬት ግጦሽና ማገዶ ይሰጣል። መብቱ ለሁሉ እኩል ባይሆንም፣ አንዲት ላም ላለችው ድኻ ትልቅ ነገር ነበር።

እዚህ ላይ መምህሩ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። የእንግሊዙን የመሬት ጌታ «ባለጉልት» ብሎ መተርጐም ለተማሪው የሚያቀል ቢመስልም ነገሩን ያምታታል። ጉልት በመሠረቱ ግብር የመቀበል መብት ሲሆን የገበሬው ርስት ከእርሱ የተለየ ነበር። በእንግሊዝ ግን የታችኛው ገበሬ ይዞታ ከጌታው የመነጨ ነው ተብሎ በጌታው ችሎት መዝገብ ይጻፍ ነበር።

ጌቶች የወል መሬትን ለማጠር የሕግ ድጋፍ ያገኙት ገና በ1235 በወጣው የመርተን ድንጋጌ ነው። በ1549 በኖርፎክ በሮበርት ኬት መሪነት የተነሣው ዐመፅ አጥር በማፍረስ ጀመረ፤ በጦር ኃይልም ተደመሰሰ። ይሁን እንጂ ዋናው ለውጥ የመጣው በጦር ሳይሆን በፓርላማ ነው። ከ1604 እስከ 1914 ከ5,200 የሚበልጡ የአጥር ሕጎች ወጡ፤ የሚበዙትም ከ1750 በኋላ ነበሩ። በእነርሱም 6.8 ሚሊዮን ኤከር ያህል፣ ማለት ከእንግሊዝ ስፋት ከአምስት እጅ አንዱ የሚሆን መሬት ታጠረ።

አሠራሩን በጥሞና መመልከት ያስፈልጋል። የመንደሩ ባለመሬቶች ለፓርላማ አቤቱታ ያቀርባሉ፤ ሕጉ ሲወጣ ኮሚሽነሮች ተሾመው፣ ቀያሽ መሬቱን ለክቶ፣ ለየባለመብቱ አንድ ወጥ ድርሻ ይሰጠዋል። ሁሉም በሕግ የተፈጸመ ነው። ነገር ግን የስምምነቱ ድምፅ የሚቈጠረው በሰው ራስ ሳይሆን በመሬቱ ዋጋ ስለሆነ፣ ሁለት ወይም ሦስት ባለጸጎች መላውን መንደር ሊያሸንፉ ይችሉ ነበር። ድርሻ የደረሰው ትንሽ ገበሬም የቅየሳውንና የአጥሩን ወጪ መክፈል ስላቃተው ብዙ ጊዜ ይሸጠዋል። በጽሑፍ የተረጋገጠ መብት ያልነበረው ጐጆ ቤተኛ ደግሞ ምንም አላገኘም። በ1788 ቃርሚያ መልቀም እንኳ በሕግ የታወቀ መብት አይደለም ተብሎ በከፍተኛ ፍርድ ቤት ተበየነ።

አጥሩ ብቻውን የፋብሪካ ሠራተኛን ፈጠረ ማለት ማጋነን ነው፤ የሕዝቡም ቁጥር በዚያው ዘመን አድጓል፤ ምርቱም በብዙ ስፍራ ጨምሯል። ለአጥር አጥብቆ ይከራከር የነበረው የግብርና ጸሓፊ አርተር ያንግ ራሱ በ1801 ድኾች መጐዳታቸውን አምኖ ጽፏል። ተማሪዎች ይህን ሁለት ገጽ አብረው ቢያዩት ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ማዕበሉ ተመለሰ። በ1878 በወጣ ሕግ የኤፒንግ ደን ለሕዝብ መዝናኛ ተጠበቀ፤ በችሎት መዝገብ ላይ የተመሠረተው የጥንቱ ይዞታ በ1926 ቀረ፤ በ2000 የወጣውም ሕግ ሰው በወል መሬትና በገላጣ ኰረብታ ላይ በእግሩ የመዘዋወር መብት ሰጠው። በኖቲንግሃምሺር ያለችው ላክስተን መንደር ግን ሦስቱን ክፍት እርሻዎቿን እስከ ዛሬ ይዛለች። በየዓመቱ በኅዳር ገበሬዎቹ ራሳቸው ዳኞች ሆነው ማሳውን ይዞራሉ፤ ድንበር ገፍቶ ያረሰውንም መቀጫ ይጥሉበታል።