ጥቁሩ ስክሪን፦ የገዙት ዕቃ ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ይህችን ጠዋት ያውቃታል። ማታ ኮምፒውተሩን አፕዴት አድርጎ ይተኛል፤ ሲነጋ ሲከፍተው ስክሪኑ ጥቁር ነው። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ምስል ግን የለም። የመጀመሪያው ሐሳብ “ምን አበላሸሁ?” የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ያ ጥቁር ስክሪን ከ40 ዓመት በላይ የቆየ ክርክር ትራፊ ነው። ክርክሩም ይህ ነው፦ ሰው በገንዘቡ የገዛው ማሽን እንዴት እንደሚሠራ የማወቅ መብት አለው ወይስ የለውም? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በግራፊክስ ካርድ ሳይሆን በፕሪንተር ነው። በ1980 አካባቢ በአሜሪካው ኤምአይቲ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ላብራቶሪ አንድ አዲስ የዜሮክስ ሌዘር ፕሪንተር ገባ። ፕሪንተሩ ወረቀት መሃል ላይ እየያዘ ያስቸግር ነበር። እዚያ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን በቀድሞው ፕሪንተር ላይ፣ ወረቀት በተያዘ ቁጥር ለሠራተኞች መልእክት የሚልክ ማስተካከያ ጽፎ ነበር። በአዲሱም ላይ ያንኑ ሊያደርግ ፈለገ፤ ሶርስ ኮዱ ግን አልነበረውም። ኮዱ አለው የተባለውን ሰው ሄዶ ቢጠይቀው፣ ለማንም ላለመስጠት ተስማምቻለሁ ብሎ መለሰው። ስቶልማን በ1983 የጂኤንዩን ነጻ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ሲያውጅ ያ ቁጭት አብሮት ነበር፤ ታሪኩንም ደጋግሞ ተርኮታል።

በ1991 ደግሞ የ21 ዓመቱ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ይዞ ብቅ አለ። በቀጣዩ ዓመት ማንም አይቶ እንዲያሻሽለው በጂኤንዩ ፈቃድ ሥር አዋለው። ዛሬ ከስልክ እስከ ሱፐር ኮምፒውተር የሚሠራበት ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ አስኳል፣ ይኸው ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከርነሉ ከሃርድዌር ጋር ሲገናኝ ነው። ድራይቨር ማለት አስተርጓሚ ነው። ከርነሉ የሚለውን ለካርዱ፣ ካርዱ የሚለውን ለከርነሉ ያደርሳል። የሊኑክስ ሰዎች የከርነሉን ውስጣዊ አሠራር ሳይሰለቹ ይለዋውጣሉ። ኮዱ ከርነሉ ውስጥ የተካተተ ድራይቨር ከሆነ፣ ለውጡን ያመጣው ሰው ራሱ አብሮ ያስተካክለዋል። ከውጭ የሚመጣ ዝግ ድራይቨር ግን አስታዋሽ የለውም። ከርነሉ በታደሰ ቁጥር እንደገና ተገንብቶ መገጣጠም አለበት፤ ካልገጠመ ጥቁር ስክሪን ይሆናል። የከርነሉ ሰዎችም ዝግ ድራይቨር የተጫነበትን ሲስተም “የተበከለ” የሚል ምልክት ይለጥፉበታል፤ ከእሱ የሚመጣ አቤቱታም ብዙ ጊዜ ሰሚ አያገኝም።

በ1993 በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ኤንቪዲያ የዚህ ታሪክ ዋና ገጸ ባሕርይ ነው። ፍትሐዊ ለመሆን፣ ኩባንያው ሊኑክስን ችላ አላለም። ከ2000 አካባቢ ጀምሮ ፈጣን ድራይቨር ያቀርብ ነበር፤ የፊልም ስቱዲዮዎችና ተመራማሪዎችም ተጠቅመውበታል። ግን ዝግ ነበር። የካርዱን ሚስጥር ማውጣት ለተፎካካሪ በር መክፈት ነው የሚለው የአምራቾች መከራከሪያም ከንቱ አልነበረም።

በር ሲዘጋባቸው አንዳንድ ፕሮግራመሮች በቀዳዳው ማየት ጀመሩ። ኑቮ የተባለው ፕሮጀክት የተወለደው በዚህ መንገድ ነው፤ ስሙ በፈረንሳይኛ “አዲስ” ማለት ነው። ዝጉ ድራይቨር ለካርዱ የሚልከውን ትእዛዝ አንድ በአንድ እየመዘገቡ ትርጉሙን ይገምታሉ። ከግድግዳ ጀርባ ሆኖ የሁለት ሰዎችን ወሬ እያዳመጡ ቋንቋ እንደመማር ያለ ሥራ ነው። እንዲያም ሆኖ በ2010 ኑቮ ወደ ከርነሉ ገባ። በዚያው ዘመን ተፎካካሪው ኤኤምዲ ሌላ መንገድ መርጦ ነበር። ኤቲአይን በ2006 ከገዛ በኋላ፣ በ2007 የካርዶቹን ሰነድ ለሕዝብ መልቀቅ ጀመረ። ዛሬ የኤኤምዲ ካርድ ያለው ሰው ሊኑክስን ሲጭን ድራይቨሩን አብሮ ያገኘዋል።

በ2012 በፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ አንዲት ተሳታፊ ስለ ኤንቪዲያ ላፕቶፕ ችግር ቶርቫልድስን ጠየቀችው። ላፕቶፑ ኦፕቲመስ በሚባለው ዘዴ ሁለት ግራፊክስ ቺፕ አጣምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ በሊኑክስ ላይ ግን የኩባንያው ድጋፍ አልነበረውም። ቶርቫልድስ ካጋጠሙን የሃርድዌር ኩባንያዎች ሁሉ የከፋው ይህ ነው አለ፤ ከዚያ ወደ ካሜራው ዞሮ መካከለኛ ጣቱን ቀስሮ ሰደበ። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ።

ስድቡ ግን በሩን አልከፈተም። ይባስ ብሎ ከ2014 ጀምሮ የወጡት የኤንቪዲያ ካርዶች የኩባንያው ዲጂታል ፊርማ የሌለበትን ፈርምዌር አልቀበል አሉ። ኑቮም ካርዱን ወደ ሙሉ ፍጥነቱ ማድረስ አቃተው። ውድ መኪና ገዝቶ በአንደኛ ማርሽ ብቻ መንዳት ሆነ።

በሩ ገርበብ ያለው በግንቦት 2022 ነው። ኤንቪዲያ የከርነል ሞጁሉን ሶርስ ኮድ ለቀቀ። ምን ተለወጠ? የኤንቪዲያ ገቢ ወደ ዳታ ሴንተር እየዞረ ነበር፤ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሰርቨሮች ደግሞ በሊኑክስ ይሠራሉ። አንድ ተማሪ ጥቁር ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ያልተሰማው ጩኸት፣ በሺዎች ካርድ የሚገዛ ደንበኛ ሲመጣ ትርጉም አገኘ ማለት ነው። የተለቀቀውም ሁሉም አይደለም። ካርዱ ውስጥ የሚሠራው ፈርምዌርና ከከርነሉ በላይ ያለው የድራይቨሩ ክፍል አሁንም ዝግ ናቸው።

ሌላም የተረሳ ወገን አለ። የተከፈተው ኮድ የሚያገለግለው ከ2018 ወዲህ ለወጡ ካርዶች ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ በሚገዛበት አገር፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ የብዙ ሰው ማሽን ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ኩባንያው የድሮ ካርዶችን ዝግ ድራይቨር ማደስ ሲያቆም፣ ድራይቨሩ ከአዲስ ከርነል ጋር አይገጥምም። ያን ጊዜ የሚቀረው ያ በቀዳዳ እያዩ የተሠራው ኑቮ ነው።

ጥቁር ስክሪን ያጋጠመው ሰው የሚሞክራቸው መፍትሔዎችም ይህንኑ ታሪክ ይናገራሉ። ሲነሳ ከሚመጣው ምርጫ አሮጌውን ከርነል መምረጥ አስተርጓሚው ወደሚያውቀው ቋንቋ መመለስ ነው። “ኖሞድሴት” የሚለውን ትእዛዝ መጨመር ያለ ድራይቨሩ በመጠነኛ ምስል መነሳት ነው። ከዚያ ሞጁሉን እንደገና መገንባት፣ ሴኪዩር ቡት ያልተፈረመ ሞጁል እየከለከለ እንደሆነ ማየት፣ ካልሆነም ዝጉን ነቅሎ ወደ ኑቮ መመለስ ይከተላል።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። እዚህ ግን ወርቁ የገዢው ነው፤ የሰው የሆነው የሳጥኑ ቁልፍ ነው። ስለዚህ ቀጣዩን ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው፣ ግለሰብም ይሁን መሥሪያ ቤት፣ “ስንት ጊጋ ነው?” ከማለቱ በፊት “ድራይቨሩ ክፍት ነው?” ብሎ ቢጠይቅ ይበጀዋል። ኩባንያዎች ከስድብ ይልቅ የሚሰሙት የገዢን ጥያቄ መሆኑን ይህ ታሪክ አሳይቷል።