የሕልም ፍጻሜ በሐይቅ ዳር፦ አሻሚ ፍጻሜ ያላቸውን ፊልሞች ስለ መተርጐም

ሕልምንና እውንን የሚያቀላቅል ፊልም አልቆ መብራት ሲበራ፣ ከተመልካቹ አፍ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ «እውን ነበር ወይስ ሕልም?» የሚል ነው። በተማሪዎቻችን ዘንድ የክሪስቶፈር ኖላን «ኢንሴፕሽን» (እ.ኤ.አ. 2010) ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ሆኗል። ዋናው ገፀ ባሕርይ መንቃቱን የሚያረጋግጠው ጠረጴዛ ላይ በሚያሾራት ትንሽ መጫወቻ ነው፤ ከወደቀች ነቅቷል፣ መሾሯን ካላቆመች ግን ገና በሕልም ውስጥ ነው። ፊልሙ የሚያልቀው መጫወቻዋ እየሾረች፣ መውደቅ አለመውደቋ ሳይለይ ነው። ስለዚህ ፊልም ክፍል ውስጥ ውይይት በተነሣ ቁጥር ሰዓቱ የሚያልቀው «ወድቃለች»፣ «አልወደቀችም» በሚል ሙግት ነው። በበኩሌ ይህን ሙግት ለብዙ ዓመታት ሳበረታታ ቆይቻለሁ። ዛሬ ግን ከመልሱ ይልቅ ጥያቄው የተሳሳተ ይመስለኛል።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው፣ አሻሚነት ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑንና፣ የትኛው አሻሚነት ፍርድ፣ የትኛው ደግሞ ትርጓሜ እንደሚሻ ለመለየት የራሳችን የትርጓሜ ባህል የሚረዳን መሆኑን ነው። ለዚህም ሩቅ አልሄድም። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙ ሁለት ቦታዎች፣ ሐይቅና የአምባሰሏ ውጫሌ፣ ለመነሻ ይበቁኛል። (አምባሰል ሲባል አንባቢ ቅኝቱን ቢጠብቅ አይፈረድበትም፤ እርሱን ግን ለሙዚቃ ሰዎች ትቼዋለሁ።)

ከውጫሌ እንጀምር። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣሊያ መንግሥት መካከል የተፈረመው የውጫሌ ውል 20 አንቀጾች ነበሩት። የ17ኛው አንቀጽ ታሪክ ለማንም እንግዳ አይደለም። የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም እንደሚቻላቸው ሲገልጽ፣ የኢጣሊያንኛው ቅጂ ግን በዚሁ መንገድ ለመጠቀም እንደተስማሙ አድርጎ አቀረበው። በ«መቻል» እና በ«መስማማት» መካከል ያለው ልዩነት አንድን አገር በሌላው ሞግዚትነት ሥር የሚያውል ሆነ። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነገሩ ዐድዋ ላይ ለየለት።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ አሻሚነቱ የመጣው ከሁለት ጽሑፎች አለመጣጣም መሆኑ ነው። ስለዚህ «የትኛው ነው ትክክለኛው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነበር። ሁለቱ ንባቦች ጎን ለጎን ይኑሩ የሚል ሰው ቢነሣ ኖሮ አገር አሳልፎ ሰጪ በተባለ ነበር። የኛ አንባቢ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ አሻሚነትን ያወቀው በዚህ አንቀጽ ነው። ከዚህም የተነሣ ይመስለኛል፣ ሁለት ትርጉም ባየ ቁጥር ያታለለው ሰው የሚፈልገው። ፊልም ሲያይም ዳይሬክተሩን እንደ ኮንት አንቶኔሊ ይጠረጥረዋል፤ እውነተኛውን ቅጂ ደብቆብናል ይላል።

ከውጫሌ ወደ ደቡብ ተመልሰን ሐይቅ ዳር ስንደርስ ሌላ ዓይነት ትረካ እናገኛለን። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በአባ ኢየሱስ ሞዐ መሪነት የታወቀ የትምህርትና የመጻሕፍት ማእከል እንደ ነበር፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከተማሩባቸው ገዳማት አንዱ እንደ ሆነ ይታወቃል። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት ከ1248 እስከ 1535 ድረስ የነበሩትን የገዳሙን አበምኔቶች ተከታትለዋል። ለኛ ለሥነ ጽሑፍ ሰዎች ግን የሚቀርበን ገድሉ ነው። በገድል ድርሰት ሕልምም ሆነ ራእይ ፍጻሜው የተዘጋ ነው። ጻድቁ መልአክ ይገለጥለታል፤ መልአኩ ወደ እንዲህ ያለ ስፍራ ሂድ ይለዋል፤ ጻድቁ ይሄዳል፤ ስፍራውንም ያገኛል። ሕልሙ ጥያቄ፣ እውኑ መልስ ነው። ይህ አካሄድ ከዮሴፍና ከዳንኤል ሕልም ፍቺ የተወረሰ በመሆኑ፣ ሕልም አይቶ ሳይፈታለት፣ ተፈትቶለትም ሳይደርስ የሚቀር ሰው በገድል ዓለም ቦታ የለውም ለማለት ይቻላል።

እርግጥ ነው፣ ገድሎች እርስ በርስ ይጋጫሉ። እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ ዙፋን ለመያዙ የሐይቅ ወገን ባለውለታነቱን ለኢየሱስ ሞዐ ሲሰጥ፣ የደብረ ሊባኖስ ወገን ለተክለ ሃይማኖት ይሰጣል። ይህ ግን የውጫሌ ዓይነት አሻሚነት ነው። ሁለት ጽሑፎች አሉ፤ የታሪክ ተመራማሪው መርምሮ መፍረድ አለበት።

ገዳሙ በቆመበት በዚያው መሬት ላይ የሚነገረው አፈ ታሪክ ግን በዚህ መንገድ አይያዝም። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ግፍ ይፈጸምባታል። እግዚአብሔር ተቆጥቶ አገሩን በውሃ ያጥለቀልቀዋል፤ ልዕልቲቱ ከነወዳጅ ዘመዶቿ ትሰጥማለች። የማትሰጥመው ግፍ የደረሰባት ሴት የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ናት፤ እርሷም ደሴት ሆና ትቀራለች። እስጢፋኖስ የተተከለው በዚያች ደሴት ላይ ነው ይባላል፤ ዛሬ ደሴትነቷ ቀርቶ ከየብስ ጋር ተያይዛለች። ትረካው እዚህ ላይ ያቆማል። ሴቲቱስ? ወለደች? ማን አሻገራት? ወይስ ዙሪያዋን ውሃውን እያየች እዚያው ቀረች? አይነግረንም። (ሴት የማትገባበት ገዳም በአንዲት ነፍሰ ጡር መቀመጫ ላይ ቆሟል መባሉን ግን ልብ ያለ ሰው ዝም ብሎ አያልፈውም።) የዚህ ትረካ ሌላ ቅጂ፣ የተደበቀ የኢጣሊያንኛ አንቀጽ የለም። ዝም ያለው ትረካው ራሱ ነው። ስለዚህ «እውነቱ የትኛው ነው?» ብለን ብናፋጥጠው የምናገኘው የራሳችንን ግምት ብቻ ይሆናል።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ዝምታ እንዴት እናንብበው? ቶዶሮቭ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው የታወቀ ጥናቱ፣ ተደራሲው በተፈጥሮ ሕግ በሚገለጽ ፍቺና ከተፈጥሮ በላይ በሆነ ፍቺ መካከል ማመንታቱን የአንድ የትረካ ዘር መሠረት አድርጎታል። ማመንታቱ ሲያበቃ ያ የትረካ ዘር ያበቃል። ትረካውን ተምሳሌት ብቻ አድርጎ ማንበብም ማመንታቱን ያጠፋዋል ይላል። ይህ የመጨረሻ ነጥብ በቀጥታ እኛን ይነካናል። ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ ሰሙን ያቀልጣል፣ ወርቁን ያወጣል፤ ወርቁ ከወጣ በኋላ ሰሙን መልሶ የሚያይ ጥቂት ነው። አሻሚ ፍጻሜን በዚህ መሣሪያ የሚይዝ ሃያሲ ሕልሙን ሰም፣ «መልእክቱን» ወርቅ አድርጎ ይገላገላል።

በኔ አስተያየት የተሻለው መሣሪያ አንድምታ ነው። የመጻሕፍት መምህሩ የግእዙን ንባብ ያነባል፤ በአማርኛ ይፈታል፤ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሁለተኛ፣ እንደገና «አንድም» ብሎ ሦስተኛ ፍቺ ያመጣል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሽረውም። ሆኖም ያሻውን አያመጣም። እያንዳንዱ «አንድም» ከቃሉ፣ ከአገባቡ፣ ወይም ከታሪኩ መነሣት አለበት። የላይ ቤትና የታች ቤት ሊቃውንት በፍቺ ይለያያሉ እንጂ ንባቡን ጥለው አይወጡም። ብዙ ፍቺ መኖሩና ፍቺ ሁሉ ልክ መሆኑ አንድ አይደሉም።

ይህን በፊልም ላይ ለመፈተን ኃይሌ ገሪማ ይመቸናል። ከዚያ በፊት ግን ወሎና ፊልም ሲነሡ ሊዘለል የማይገባ አንድ ነገር አለ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ እ.ኤ.አ. በ1973 በወሎ ረሃብ ላይ የሠራውን ፊልም ደርግ ከቤተ መንግሥት የግብዣ ሥዕሎች ጋር አቀናጅቶ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በቴሌቪዥን አሳየው። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር፤ ሁለቱን ያጋጠመው መቀስ ግን አንድ ትርጉም ብቻ እንዲወጣ አድርጎ ቆርጧቸዋል። የወሎ ሰው በፊልም የታየበት ዋነኛ ትዕይንት ፍጻሜው በሌላ ሰው እጅ የተዘጋ ነበር።

ኃይሌ በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ አገር ቤት መጥቶ ቀርጾ በ1976 ባወጣው «ምርት፦ 3000 ዓመት» በተባለው ፊልሙ ገበሬዎች እንደ በሬ ተጠምደው ሲያርሱ በሕልም ያሳየናል። እዚህ ሕልሙ እውኑን ያጐላል እንጂ አያሻማም። «ሳንኮፋ» (1993) ከዚህ ይርቃል። ሞና የተባለች የፋሽን ሞዴል ፎቶግራፍ ልትነሣ ጋና ወደሚገኝ የባሪያ ንግድ ምሽግ ትሄዳለች፤ ወደ ጓዳው ትወርዳለች፤ ከዚያ በኋላ ሾላ የተባለች የቤት ውስጥ ባሪያ ሆና እናገኛታለን። በመጨረሻ ከምሽጉ ስትወጣ ፎቶ አንሺው ሲጠራት ሰምታ አልሰማችውም፤ ባሕሩን እያዩ ከተቀመጡት ሰዎች ጋር ትቀላቀላለች። ሕልም ነው? የሙታን መንፈስ ነው? በጊዜ ወደ ኋላ መጓዝ ነው? ፊልሙ አይነግረንም። ለፎቶ አንሺው ጥሪ አለመመለሷ ግን በዓይናችን ፊት ሆኗል፤ የትኛውም ፍቺ ይህን ሳያስረዳ ማለፍ አይችልም።

በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘው «ጤዛ» ከሁሉም ይከብዳል። አንበርብር በጀርመን አገር ተምሮ፣ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ወዳጁ ሲገደል አይቶ፣ በኋላም ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ዘረኛ ወጣቶች ባደረሱበት ጥቃት እግሩን አጥቶ፣ በ1990 እ.ኤ.አ. ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። ቅዠት ያባንነዋል፤ ትዝታው ተቆራርጧል፤ ጠበል ይወስዱታል። መንደሩም ሰላም የለውም፤ ወንዶች ልጆች ከወታደር አፈሳ ለማምለጥ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። በፍጻሜው አዛኑ ትወልዳለች፤ አንበርብርም ወደ ሕፃናቱ ትምህርት ቤት ያቀናል።

እንተርጉመው። የሕፃኑ መወለድና የአስተማሪነቱ ሥራ የታመመው ትውልድ ለሚቀጥለው ያስረከበው ተስፋ ነው። አንድም፣ ፊልሙ ከመጀመሪያው ጀምሮ የአንበርብርን ዓይን እንዳናምን አስተምሮናልና፣ ይህ ሰላም የቆሰለ አእምሮ ለራሱ የፈጠረው ማረፊያ ነው። አንድም፣ ሕፃኑ የተወለደው አፈሳ ባለበት አገር ነውና፣ ነገ ዋሻ ፈላጊ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ከፊልሙ ይነሣሉ፤ ሦስቱም አብረው ሊቆሙ ይችላሉ። «ሁሉም ሕልም ነበር» የሚለው ግን አይነሣም። ምክንያቱም እግሩ የለም። አንበርብር ከቅዠቱ ቢባንንም እግሩ አይመለስም፤ መንቃት ያልመለሰለት ነገር አለ። ጥሩ አሻሚ ፍጻሜ፣ እንደኔ፣ እንዲህ ያለ የማይሟሟ ነገር አለው፤ የሃያሲውም የመጀመሪያ ሥራ እርሱን ማግኘት ነው። የኖላን መጫወቻ በዚህ ሚዛን ትቀላለች። ብትወድቅም ባትወድቅም የተጎዳ አካል የላትም።

«ሕልም እንደ ፈቺው ነው» የሚለው ተረትና ምሳሌ ያለንበትን ክርክር የሚያፈርስ ሊመስል ይችላል። ወሎ ውስጥ ሕልም ሲነገር የሰማ ሰው ግን ሌላ ነገር ያስተውላል። አድማጩ ከመፍታቱ አስቀድሞ «ኸይር ያርገው» ይላል። ፍቺው በሕልመኛው ላይ እንደሚደርስ ያውቃልና ይጠነቀቃል። ፈቺው ነፃ ነው ከማለት ይልቅ ፈቺው ተጠያቂ ነው ማለት ይቀርባል።

ይህን ያስተማረችኝ አንዲት የአምባሰል ተማሪ ናት። ከዓመታት በፊት በፈተና ላይ «የጤዛ ፍጻሜ ሕልም ነው ወይስ እውን? በማስረጃ አስረዱ» ብዬ ጠይቄ ነበር። እርሷ ሁለቱንም ነው ብላ ጻፈች፤ ማስረጃ ባልኩት ቦታ ላይ የፊልሙን ነገር ትታ ስለ አያቷ ተረከች። አጎቷ በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ አልተመለሰም። መርዶ አልመጣም። መርዶ ስላልመጣ ሰደቃ አልወጣለትም፤ ልብሱም ከሣጥን አልወጣም። አያቷ በሕልሟ ደጃፍ ላይ ቆሞ ውሃ ሲጠይቃት ታየዋለች፤ ቅሉን ሳታቀብለው ትነቃለች። እኔ ከ20 4 ሰጠኋት። በኅዳጉም ላይ «ከጥያቄው ወጥተሻል» ብዬ በቀይ ጻፍኩበት።

ወረቀቱን ስትወስድ አልተከራከረችኝም። አያቷ እስካሁን ያንን ሕልም ታይ እንደሆን ብቻ ጠየቅኋት። «አዎ፣ ጋሼ» አለችኝ። «ጧት ቡና ላይ ትነግረናለች። ጎረቤቶቹም ኸይር ያርገው ይሏታል፤ ከዚያ ሁለተኛውን ይቀዳሉ።»