የተማሪዎች የማኅበረሰብ አገልግሎት ፕሮጀክቶች፦ ምንነት፣ አሠራርና የተጠቃሚዎች መብት

የተማሪዎች የማኅበረሰብ አገልግሎት ፕሮጀክት ተማሪዎች በመምህር ክትትል ሥር ሆነው በትምህርት ቤታቸው ወይም በአካባቢያቸው የሚታይን አንድ ችግር ለይተው፣ በትምህርት ያገኙትን ዕውቀት በመጠቀም መፍትሔ የሚሰጡበት ሥራ ነው። የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሚሠሩት የእጅ መታጠቢያ ጀምሮ የሕግ ተማሪዎች እስከሚሰጡት ነጻ የሕግ ድጋፍ ድረስ ያሉ ሥራዎች በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። አገልግሎቱ ለተጠቃሚው ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሲሆን ለተማሪው ደግሞ የትምህርቱ አካል ነው። ከዚህ በታች የቀረበው መረጃ አገልግሎቱን ለሚፈልጉ ነዋሪዎች፣ ለወላጆችና ፕሮጀክት ለመጀመር ላሰቡ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው።

ማንኛውም ሰው ስለነዚህ ፕሮጀክቶች አስቀድሞ ሊገነዘበው የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። ተማሪ በየዓመቱ ክፍል ይቀይራል፤ ይመረቃል፤ አካባቢውን ይለቃል። ስለሆነም ፕሮጀክቱ ሲጀመር ሥራውን ወደፊት ማን እንደሚረከበው ካልተወሰነ፣ መልካም የተባለው ሥራ ሁሉ በአንድ የትምህርት ዘመን ውስጥ ሊቋረጥ ይችላል። ነዋሪዎችም ፕሮጀክትን ከመቀበላቸው በፊት ሊያነሡት የሚገባው ቀዳሚ ጥያቄ ይኸው ነው።

አመጣጡ

በኢትዮጵያ ተማሪዎችን በማኅበረሰብ አገልግሎት ማሰማራት የቆየ አሠራር ነው። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በልዩ ልዩ የጤና ሙያ የሚሠለጥኑ ተማሪዎችን በአንድ ቡድን አደራጅቶ ወደ ጤና ጣቢያዎች በመላክ፣ ሕክምናን፣ የእናቶችና ሕፃናት ክብካቤንና የአካባቢ ንጽሕናን በጋራ እንዲሠሩ ያደርግ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደነገገ፤ አብዛኞቹም በመምህርነት ተመድበው ሠርተዋል። በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቷል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች ትምህርት ሰጥቶ የዩኔስኮን ሽልማት አስገኝቷል።

እነዚህ ሥራዎች በመንግሥት ትእዛዝ የተካሄዱና ብዙዎቹም ግዴታ ስለነበሩ ከዛሬው አሠራር ይለያሉ። ሆኖም ለዛሬው ፕሮጀክት የሚጠቅም ትምህርት ትተው አልፈዋል። በዘመቻ ማንበብ የተማረ ጎልማሳ ከዘማቹ መመለስ በኋላ የሚያነበው ጽሑፍ ካላገኘ ፊደሉን መልሶ ይረሳል። ማስተማሩ ብቻውን በቂ ሳይሆን በቦታው የሚቀር የንባብ ክፍል፣ መጽሐፍና ኃላፊ ያስፈልግ ነበር።

በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሚሰጡ አገልግሎቶች

ዩኒቨርሲቲዎች ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጋር የማኅበረሰብ አገልግሎት የመስጠት ኃላፊነት አለባቸው፤ ይህም በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የተመለከተ ነው። በተግባር ነዋሪዎች በብዛት የሚያገኟቸው አገልግሎቶች የጤናና የሕግ ናቸው።

በጤናው ዘርፍ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት በስፋት የሚታወቅ ነው። ተማሪዎች ወደ አንድ አካባቢ ሄደው ቤት ለቤት መረጃ ይሰበስባሉ፤ የተገኙትን ችግሮች ከነዋሪዎች ጋር በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፤ በሚቀጥለው ዙር ወደዚያው ማኅበረሰብ ተመልሰው በዕቅዱ መሠረት ይሠራሉ፤ ውጤቱንም ይገመግማሉ። የአሠራሩ ጥንካሬ መመለሱ ላይ ነው። መጠይቅ ብቻ ሞልቶ የሚሄድና የማይመለስ ቡድን ነዋሪውን ያሰለቻል፤ ለሚቀጥለውም ቡድን በር ያዘጋል። ስለዚህ መጠይቅ የሚቀርብለት ነዋሪ ውጤቱ መቼና በማን በኩል እንደሚገለጽለት የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው።

የሕግ ትምህርት ቤቶች የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ለሌላቸው ሰዎች፣ በተለይም ለሴቶች፣ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ምክር ይሰጣሉ፤ ክስ፣ መልስ ወይም አቤቱታም ያዘጋጃሉ። የልጅ ቀለብ፣ ውርስ፣ የመሬት ይዞታና የሥራ ክርክር በብዛት የሚቀርቡ ጉዳዮች ናቸው። ተማሪው የሚያዘጋጀው ጽሑፍ በመምህር ወይም በባለሙያ መታየት ይኖርበታል። የጥብቅና ፈቃድ የሌለው ተማሪ በመርሕ ደረጃ ፍርድ ቤት ቀርቦ ስለ ባለጉዳዩ አይከራከርም፤ ባለጉዳዩ በተዘጋጀለት ጽሑፍ ራሱ ይቀርባል፤ ወይም ማዕከሉ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ካለው በእርሱ ይወከላል።

ባለጉዳዮች ወደ ማዕከሉ ሲሄዱ መታወቂያቸውን፣ ስለ ጉዳዩ ያላቸውን ሰነድ ሁሉ፣ ውሳኔ ተሰጥቶ ከሆነም የውሳኔውን ግልባጭ መያዝ አለባቸው። ከሁሉም በላይ ጊዜን መጠበቅ ያስፈልጋል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ ውሳኔ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል። ተማሪዎች ፈተና ላይ ስለሆኑ ወይም ዩኒቨርሲቲው ለዕረፍት ስለተዘጋ ይህ የጊዜ ገደብ አይቆምም። ስለሆነም ማዕከሉ ጉዳዩን ሲቀበል ቀነ ገደቡ በመዝገብ ላይ እንዲጻፍና ተማሪው ባይኖር የሚከታተለው መምህር ማን እንደሆነ እንዲነገር መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህን አለመጠየቅ መብትን ሊያሳጣ ይችላል።

በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

በትምህርት ቤቶች ፕሮጀክቶች የሚካሄዱት በአብዛኛው በክበባት ነው። የጤናና ንጽሕና፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ የሥርዓተ ፆታ፣ የሳይንስና ሒሳብ፣ የሚኒ ሚዲያና የቀይ መስቀል ክበባት በብዙ ትምህርት ቤቶች ይገኛሉ። እያንዳንዱ ክበብ ተጠሪ መምህር ሊኖረው ይገባል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሮጀክት ለሚጀምር ክበብ በእግር የሚከፈት የእጅ መታጠቢያ ጥሩ ምሳሌ ነው። የቧንቧ ውሃ በሌለበት ትምህርት ቤት ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ሁለት ባላ እንጨት ይተከላል፤ በላያቸው በተጋደመው እንጨት ላይ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ይንጠለጠላል። ጀሪካኑ ከአፉ በታች በምስማር ተበስቶ፣ አንገቱ ላይ የታሰረው ገመድ መሬት ላይ ካለ ትንሽ እንጨት ጋር ይያያዛል። ልጁ እንጨቱን ሲረግጥ ጀሪካኑ ያዘነብላል፤ ውሃውም በቀጭኑ ይወርዳል። እጅ ጀሪካኑን ስለማይነካ ንክኪ ይቀራል፤ ውሃውም ይቆጠባል። ሳሙና በገመድ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል፤ ከሥሩም ውሃው እንዳይጠራቀም ጠጠር ይፈሰሳል። ወጪው እጅግ አነስተኛ ነው። ሳሙናና ውሃ በሌለበት ስለ ተቅማጥ በሽታ መከላከል በቃል ብቻ ማስተማር የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው።

መታጠቢያው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊሠራ ይችላል። አስቸጋሪው በየማለዳው ውሃ መሙላቱ ነው። ተረኛ ክፍል ካልተመደበ ጀሪካኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባዶውን ይንጠለጠላል፤ ገመዱ ይበጠሳል፤ ሳሙናውም ይጠፋል። ስለዚህ የተረኞች ዝርዝር በሰሌዳ ላይ ሊለጠፍ፣ የሳሙና ግዢ በትምህርት ቤቱ ዕቅድ ውስጥ ሊገባ፣ ክበቡም በየዓመቱ ከታችኛው ክፍል አዳዲስ አባላትን ሊቀበል ይገባል። ውሃ ከሩቅ የሚቀዳ ከሆነ ሥራው በሴት ተማሪዎች ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ተጠሪ መምህሩ መቆጣጠር አለበት፤ ይህ በብዙ ቦታ ሳይታሰብ የሚሆን ነገር ነው።

የልጃገረዶች ክበባት በወር አበባ ምክንያት ከትምህርት መቅረትን ለመቀነስ የሚሠሩት ሥራም ከፍተኛ ዋጋ አለው። ውሃና መቆለፊያ ያለው ክፍል፣ የንጽሕና መጠበቂያ ማስቀመጫና ልጃገረዶች በነጻነት የሚያነጋግሯት መምህርት ከተገኙ ልጆቹ ግማሽ ቀን እንኳ ሳይቀሩ መማር ይችላሉ። ወንዶች ተማሪዎች ስለ ጉዳዩ ትክክለኛ ትምህርት እንዲያገኙ ማድረግም ፌዝን ያስቀራል።

የማጠናከሪያ ትምህርት በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ወቅት በስፋት ይሰጣል። የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያቸው ታናናሾቻቸውን ያስተምራሉ። ወላጆች ልጃቸውን ከማስመዝገባቸው በፊት ትምህርቱ የት፣ በስንት ሰዓትና በማን ኃላፊነት እንደሚሰጥ ማረጋገጥ አለባቸው። በግል መኖሪያ ቤት የሚሰጥና ኃላፊው የማይታወቅ ትምህርት የበጎ ፈቃድ ስም ቢይዝም አይመከርም።

ችግኝ ተከላን በተመለከተ አንድ ነገር መጥቀስ ይበቃል፦ ችግኝ የሚተከለው በክረምት ሲሆን በአብዛኛው የሚደርቀው በበጋ ነው። ትምህርት ቤት ክፍት የሚሆነውም በበጋ ስለሆነ ለማጠጣትና ለመጠበቅ ከአካባቢ ጥበቃ ክበብ የተሻለ አካል በቀላሉ አይገኝም።

የተጠቃሚዎችና የተማሪዎች መብት

አገልግሎቱ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። ነዋሪው መጠይቅን ላለመመለስ፣ ተማሪዎችን ቤቱ ላለማስገባት ወይም የጀመረውን ለማቋረጥ ይችላል፤ በዚህም ምክንያት ሌላ የመንግሥት አገልግሎት ሊከለከል አይገባም። ስም፣ የጤና ሁኔታ፣ ገቢና የመሳሰሉት መረጃዎች በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጥበቃ የሚደረግላቸው በመሆናቸው ለምን ዓላማ እንደሚሰበሰቡ አስቀድሞ ሊነገር ይገባል። ፎቶግራፍ ማንሣትና በማኅበራዊ ሚዲያ ማሰራጨትም እንዲሁ የባለቤቱን ፈቃድ፣ ሕፃን ከሆነም የወላጁን ወይም የአሳዳጊውን ፈቃድ ይጠይቃል። ቤቱ የታደሰለት አረጋዊ ድህነቱን ለካሜራ የማሳየት ግዴታ የለበትም።

ተማሪዎችም መብት አላቸው። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት ለትምህርታቸው፣ ለጤናቸውና ለደኅንነታቸው ጎጂ ከሆነ ሥራ የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ተማሪዎች በቤት እድሳት ጊዜ ጣሪያ ላይ እንዲወጡ፣ ጥልቅ ጉድጓድ እንዲቆፍሩ ወይም በትምህርት ሰዓት ለቀን ሥራ እንዲሰማሩ ማድረግ የማኅበረሰብ አገልግሎት ሊባል አይችልም።

አገልግሎቱን ለመጠየቅ

ጥያቄው ለትምህርት ቤት ከሆነ ለርእሰ መምህሩ ወይም በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት በኩል ይቀርባል። ለዩኒቨርሲቲ ከሆነ ለተቋሙ የማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍል፣ የሕግ ድጋፍ ከሆነ በቀጥታ ለማዕከሉ ማቅረብ ይቻላል። ማመልከቻው ረጅም መሆን የለበትም። ችግሩ ምን እንደሆነ፣ ስንት ሰዎችን እንደሚመለከት፣ ማኅበረሰቡ ምን ማዋጣት እንደሚችልና ሥራው ሲጠናቀቅ ማን እንደሚረከበው ከገለጸ በቂ ነው። «ትምህርት ቤቱ ይርዳን» ከሚል ጥቅል ጥያቄ ይልቅ «ከአራተኛ ክፍል ወደ አምስተኛ የተዛወሩ ማንበብ የሚከብዳቸው ልጆች በሳምንት ሁለት ቀን እንዲረዱ» የሚለው ጥያቄ ቶሎ መልስ ያገኛል።

የትምህርት ዘመኑ በመስከረም ስለሚጀምር በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ እንዲገባ የሚፈለግ ጥያቄ ክበባት ዕቅዳቸውን ከማጽደቃቸው በፊት፣ የክረምት አገልግሎት ደግሞ ሰኔ ከማለቁ በፊት መቅረብ ይኖርበታል።

ርክክብና ቅሬታ

ሥራው ሲጠናቀቅ ርክክቡ በጽሑፍ መሆን አለበት። የተሠራው ነገር፣ የቀሩት ዕቃዎች፣ ጥገናው በማን እንደሚሸፈንና የተረካቢው ኃላፊነት ተዘርዝሮ ይፈረማል። ያልተጠናቀቀ ሥራ ካለም ሳይደበቅ ይመዘገባል፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት ከዚያ ነው።

ቅሬታ ያለው ሰው መጀመሪያ ለተጠሪው መምህር፣ ቀጥሎ ለተቋሙ ኃላፊ ያቀርባል። ጉዳዩ ትምህርት ቤትን የሚመለከት ከሆነና ካልተፈታ ወደ ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይወሰዳል። በመንግሥት ተቋማት የሚፈጸም የአስተዳደር በደልን በተመለከተ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይቻላል። በሕፃን ላይ ጥቃት ተፈጽሟል የሚል ጥርጣሬ ሲኖር ግን ይህን ቅደም ተከተል መጠበቅ አያስፈልግም፤ ወዲያውኑ ለፖሊስ ማመልከት ያስፈልጋል።